የመስኮቱ ማዕድ

«ለማዕዱ ከታችኛው ትሪ አውጣ፤ ለገበያው ከላይኛው።» ወንድሜ ይህን ለቆራጩ ሲነግረው እኔ የሽንኩርት ከረጢት ይዤ ከማቀዝቀዣው ክፍል በር ውጭ ቆሜ ነበር። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ሥጋ በአፌ አልዞረም፤ ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሆዴን እያመመኝ ነው» እላለሁ። ሆዴም ውሸታም አላደረገኝም፤ ከንዴቱ ብዛት የእውነት ያመኝ ጀመር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ማዕዳችን ልንገራችሁ። ሥጋ ቤታችን መንገድ ዳር ነው፤ ፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። አባታችን ሱቁን ሲከፍት የቤተሰቡን የምሳ ጠረጴዛ አምጥቶ እዚያ መስታወት ሥር አስቀመጠው። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ ቁጭ ይላል፣ መንገደኛው እያየ ሱቁ የሚሸጠውን ይበላል። አባባ ይባስ ብሎ ገዢውን ወደ ውስጥ ጠርቶ «ከየትኛው እንብላልህ?» ይል ነበር። ሰውዬው በጣቱ ያመለከተው ቁራጭ ይጠበስና እኛ እናላምጣለን። ልጅ ሆኜ አፍር ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። ሰፈሩ ከመንግሥት ማኅተም ይልቅ የእኛን መንጋጋ ነው የሚያምነው። አባባ ሞተ፣ ጠረጴዛው ቀረ፣ ሱቁን ታላቅ ወንድሜ ያዘው፤ እኔ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ታችኛው ትሪ ላይ ያለው የዕለቱ ሥጋ ነው። ላይኛው ላይ ያለው፣ ለገዢው ወደ ማሳያው መስታወት የሚወጣው፣ አራት አምስት ቀን ያደረ፣ በሆምጣጤና በበረዶ ውሃ ታጥቦ፣ ትኩስ ጮማ ተጨምሮበት የተፈጨ ነው። ሲያዩት ቀይ ነው፤ ያማረ ነው። እኛ በመስታወቱ ውስጥ የዛሬውን እንበላለን፤ የሚያየን ሰው የሰኞውን ገዝቶ ይሄዳል። ይህ መቼ እንደተጀመረ አላውቅም፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ምሳ የበላሁ መስሎኝ ለካ የወንድሜ ታፔላ ሆኜ ኖሬያለሁ!

የሰማሁ ዕለት ዝም አላልኩም። ሱቁ ሲዘጋ ጠብቄ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከታችኛው እየበላሁ አንተ ለሰው ከላይኛው አትሸጥም» አልኩት። ሳቀብኝ። «ማን አስገደደሽ? አትብዪ። ብቻ አፍሽን ዝጊ፤ ይህ ሱቅ ከተዘጋ እማዬ በምን ትኖራለች?» አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ለሥጋውም ለወሬውም። ራሴን ጻድቅ አላደርግም። ሥጋውን አልበላም እንጂ የሥጋውን ዋጋ በየቀኑ በእጄ እቀበላለሁ። ጀግንነት ካላችሁት፣ ለልብስ ሰፊው ሚስት፣ እርጉዝ ናትና፣ ሁለት ጊዜ «ዛሬ እንቁላል ብትወስጂስ?» ብያታለሁ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ትተዋለች ብሎ ነበር። የአንድ እናት ጡት ጠብተን አድገን አያውቀኝም። እልኸኛ ነኝ። በየቀኑ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ መስታወቱ ፊት፣ ድንችና ዳቦዬን ቀስ ብዬ እያላመጥኩ፣ ላየኝ ሁሉ እየታየሁ። ያ ነው ያበገነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። እኔና እማዬ የምንኖረው ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ነው። ሁለት አልጋ፣ በመሃላቸው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት፣ መስኮቱ ሥር ባለ አንድ ዓይን ምድጃ፣ በሩ ኋላ የተሰቀለ ልብስ። ከታች የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ እንግዳ ይደነግጣል፣ እኛ ካልተንጫጩ ነው የምንደነግጠው። ወንድሜ ሚስቱን ይዞ ከሁለት መንገድ ማዶ፣ አሳንሰር ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል። አልገባም፤ በሩን ተደግፎ ቆመ። እማዬ መታጠቢያ ቤት ነበረች።

«ዛሬ ትበያለሽ» አለኝ።

«አንተም ደህና አደርክ» አልኩት።

ቀልዱ አላሳቀውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን ዘረዘረው። የአረጋውያን መኖሪያው የምግብ ክፍል ኃላፊ ለምሳ ትመጣለች። ስድሳ ሽማግሌና አሮጊት አሉባት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የተፈጨ ሥጋ፣ ለዓመት። ሴትዮዋ ስለ ማዕዳችን ሰምታ በዓይኗ ልታየው ፈልጋለች። «እና አንቺ እንደ ጥንቸል ድንች እየቆረጠምሽ ልትቀመጪባት ነው? ሰፈሩ ሁሉ እህትህ ምን አይታ ነው እያለኝ ነው! ዛሬ ሥጋ ካልበላሽ ይችን ክፍል ለቆራጩ ነው የምሰጣት። እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ። ናፈቀችኝ ስትዪ መጥተሽ ከበር ላይ ታያታለሽ።» ይህን ሲል ዓይኑ አልተሰበረም። የማደርገው ጠፍቶኝ የአልጋዬን አንሶላ ማጠፍ ጀመርኩ፤ አንድ ጊዜ አጥፌ ዘርግቼ ደግሜ አጠፍኩት። በክፍሏ ማጣት አላለቅስም፤ ክፍል ይገኛል። የእማዬን የሌሊት ሳል ግን ሰምቼ ካልተነሳሁ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። እሱም ይህን ያውቃል። ያወቀ ነው የሚጎዳ።

እማዬ ፊቷን እያደረቀች ስትገባ እሱ ወርዷል። «ምን ሊል ነው የመጣው?» አለች። «ምንም» አልኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን አስያዘችኝ፤ ሳበጥር አታወራም ነበር፣ ዛሬ ግን ወረደችብኝ። አባትሽ በሞተ በሳምንቱ እንኳ ያን ወንበር ባዶ አላደረግኩም፣ እንባዬን ውጬ በልቻለሁ አለች። አንቺ ግን የአባትሽን ማዕድ ናቅሽ፤ የወንድምሽን እንጀራ ልትዘጊ ነው፤ ቅናት ነው አለች፤ እሱ ትዳር ይዞ አንቺ ስለቀረሽ ነው። ማበጠሪያውን ይዤ ቆምኩ። እንዲህ ያለውን ከወንድሜ ሚስት እጠብቅ ነበር እንጂ ከእማዬ አልጠበቅኩም። ልነግራት አፌ ድረስ መጣ። ግን እማዬ ሠላሳ ዓመት እዚያ መስታወት ሥር እንደ ሙሽራ ስትቀመጥ የኖረች ሰው ናት፤ አምስት ጥርስ ቀርቷት፣ ከሥጋ የተፈጨ ብቻ እየተጠበሰላት፣ ዛሬም ምሳ ሲደርስ ንጹሕ ቀሚስ ትቀይራለች። ያቺን ወንበር ልንጠቃት? ዝም አይነቅዝም ብዬ ፀጉሯን ጎንጉኜ ጨረስኩ፤ እሷም ሳታመሰግነኝ ተነሳች።

ሱቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ። የሥጋ ዋጋ በኪሎ ሠላሳ ጨምሯል፣ ሰው ሁሉ እኔ የጨመርኩት ይመስል እኔን ይቆጣል። ቆራጩ ከኋላዬ አጥንት እየመታ ወሬ ያቀብለኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን በዚህ ሰውዬ ምክንያት ባዳ ሆኖ አያውቅም። «ጎመን በጤና» የሚል ስም አውጥቶልኛል። እንደ እሱ ወሬ ከሆነ አንዷ ስእለት አለባት አለች፤ አንዷ በዚህ ዕድሜዋ ለመክሳት ነው አለች፣ ባል ልትፈልግ፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ደሟ ውስጥ የሆነ ነገር ተገኝቶ ነው ብሏል አሉ። አንተስ ምን አልክ ብዬ ዞሬ አየሁት። ቢላውን እየሳለ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የታዘዝኩትን ነው የምቆርጠው» አለ፤ ዓይኑን ግን ከቢላው አላነሳም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አራት ሰዓት አካባቢ ጡረተኛው መምህር መጡ። ትሁት ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ ዝርዝር ይዘው ነው የሚከፍሉት። ሳንቲሙን እየደረደሩ «ልጄ፣ የእንስሳቱ ነፍስ አሳዝኖሽ ነው አሉ። እኔም ወጣት ሳለሁ ሞክሬው ነበር፤ ሁለት ወር ከቆየሁ በኋላ የጥብስ ሽታ አሸነፈኝ። ግን መልካም ሐሳብ ነው» አሉኝ። «እኔንስ ያሳዘነኝ የሰው ነፍስ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጥሩ ቀልድ መሰላቸው፤ ከት ብለው ሳቁና ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ይዘው ወጡ። ከማሳያው፣ ከላይኛው። ጥቅሉን በእጃቸው ያስጨበጥኳቸው እኔው ነኝ። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ፤ ምንም የነካኝ ነገር ሳይኖር ደግሜ ጠረግኩ። ራሴን የጠላሁበት ሰዓት ቢኖር ያ ሰዓት ነው።

አምስት ተኩል ሲሆን የወንድሜ ሚስት ሩዝና ሰላጣዋን በሳህን ሸፍና ደረሰች። ጠረጴዛውን አብረን አለበስን። ጨርቁን ከአንድ ጫፍ እሷ፣ ከአንድ ጫፍ እኔ ይዘን ስንዘረጋ ጎተት አደረገችብኝ። «በሞቴ፣ ዛሬን ብቻ ብዪና ነገ እንዳሻሽ ሁኚ» አለች፤ አፏ ይለምናል፣ ዓይኗ ይገርፋል። «አንቺስ ለቤትሽ የተፈጨ ከዚህ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ሹካዎቹን አንድ በአንድ አስተካክላ ደረደረች።

ሴትዮዋ ልክ በስድስት ሰዓት ገባች። ቀጭን፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ብብቷ ሥር ማኅደር። ከሰላምታዋ በፊት የወለሉን የውሃ መውረጃ ነው ያየችው፤ ወደድኳት። ወንድሜ «ይግቡ እመቤት፣ ይቀመጡ፣ ቤትዎ ነው» እያለ ወንበር ይስባል፣ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ይጠርጋል። ሙቀት ስለነበር በሩ ተከፍቷል፤ ደጁ ላይ እንደ ልማዳቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ተሰልፈዋል፣ እኛ መብላት ስንጀምር ሊገዙ። ወንድሜ የአባባን ታሪክ ሲተርክ ከየት ያመጣው አንደበት እንደሆነ እንጃ! እንግዳ እንዴት እንደሚያስመርጥ፣ ቤተሰቡ ያልበላውን ቁራጭ ለሰው ሸጦ እንደማያውቅ። እማዬ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ራሷን ትነቀንቃለች። ሴትዮዋ በስንት ዲግሪ እንደምናቀዘቅዝ ጠየቀች፤ ስለ ዳቦ መወደድ ትንሽ ተወራ፤ ቆራጩ ከታችኛው ትሪ የተጠበሰውን በሰፊ ሳህን አምጥቶ መሃል ላይ አኖረው። ሽታው ያስጎመጃል፣ ምን ልዋሽ። ምራቄን ዋጥኩ።

«እንግዲህ እህቴ ትጀምርልን» አለ ወንድሜ፤ ፈገግ ብሎ። እማዬ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። ደጅ የተሰለፉት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ሃያ ሁለት ቀን ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው። ከዚያች ደቂቃ በፊት ያሰብኩት፣ የመከርኩት ነገር አልነበረም፤ ቢኖር ጥሩ ነበር፣ ብልህ ተብዬ እታማ ነበር። ያ ሁሉ ትረካ ግን አላስቀመጠኝም። «እበላለሁ» አልኩ። «ግን አባባ እንግዳ መጥቶበት ራሱ መርጦ አያውቅም። እመቤት ይምረጡልን።»

«እውነቷን ነው!» አለች እማዬ፣ ደስ ብሏት፤ ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ደግ ፊት አሳየችኝ። ወንድሜ አሁን ምን ይበል? ምላሱ ገና ከትረካው አልደረቀም። ሴትዮዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገችና ተነስታ ማሳያው ጋ ሄደች። «እንግዲያውስ እኔ የምገዛው የተፈጨውን ነው፤ እሱን ብንቀምስ» አለች። ወንድሜ ለቆራጩ «ከውስጥ አምጣ» ብሎ አዘዘ። «አይ፣ ከዚህ፣ ከማሳያው ማለቴ ነው» አለች ሴትዮዋ በጣቷ መስታወቱን ነክታ፤ «ያው አይደለም እንዴ?» ወንድሜ «ያው ነው» አለ። ቆራጩ አየው፤ እሱ ደግሞ እኔን አየኝ። እንደዚያ ያለ ጥላቻ በወንድም ዓይን ውስጥ ማየት ለማንም አይስጥ።

እስኪጠበስ ሩብ ሰዓት ፈጀ። የወንድሜ ሚስት ተነስታ ጓዳ ገባች፤ ሽንኩርቱንም በርበሬውንም ያለ ልክ እንደሞጀረችበት ገና በሩቁ አስነጠሰን። የመጀመሪያው ሳህን እንደተቀመጠ መሃል ላይ ቀዘቀዘ፤ ጮማው ነጭ ሆነ። ከዚያ የተፈጨው በሚስቱ እጅ መጣ፣ ጠቆር ብሎ፣ እንፋሎት እየወጣው፤ እሷም ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ በገዛ እጁ ሳህኔ ላይ ጨመረልኝ፤ ከሁሉም ሰው ይልቅ ለእኔ አበዛው። «ይኸው፣ አባባ እንደሚያደርገው» አለ።

እበላለሁ ብዬ ነበርና በላሁ። አንድ ሹካ ሙሉ። በርበሬው ካቃጠለኝ በኋላ ከሥሩ የሆምጣጤው ጣዕም መጣ፣ ከሆምጣጤውም ሥር ሌላ ነገር፣ ሳይደርቅ የታጠፈ እርጥብ ጨርቅ ዓይነት። ሳላምጥ ወንድሜን አየሁት። ይከለክለኛል ብዬ አልጠበቅኩም ልበል? ጠብቄ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠብቄ ነበር። አብረን አንድ ብርድ ልብስ የተጓተትን ልጆች ነን፤ ቢያንስ ዓይኑ ይርገበገባል ብዬ ነበር። አልተርገበገበም። እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ስውጥ ተመለከተኝ፣ ከዚያም ለሴትዮዋ «ያዩታል አይደል?» አላት። ሥጋው አይደለም ያሳመመኝ፤ ይህ ነው ያሳመመኝ።

ሴትዮዋ ሹካዋን አነሳች። ከእሷ በፊት ግን እማዬ ማንኪያዋን ሞልታ ነበር፤ የተፈጨ ነዋ፣ የእሷ ነገር። ማንኪያው አፏ ሳይደርስ ወንድሜ በጠረጴዛው ላይ ተወርውሮ የእጇን አንጓ ያዘ። ብርጭቆ ወደቀ።

«አንቺ ተዪው እማዬ።»

«ምነው?»

«ቅባት በዝቶበታል። ይከብድሻል።»

«ለእኔ ከከበደኝ ለእነዚያ ሽማግሎች አይከብዳቸውም?» አለች እማዬ። ነገር ፈልጋ አይደለም፤ በየዋህነት፣ እውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ሴትዮዋ ሹካዋን እንደሞላች ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። እማዬ አንጓዋን የያዘውን እጅ አየች። የምራቷን ሹካ አየች፤ ምንም አልነካም፣ ንጹሕ ነው። የወደቀው ብርጭቆ ውሃ ጨርቁ ላይ ሲሰፋ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ለዚህ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። የእማዬ ፊት እንዲህ በአንዴ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም፤ አባባ በሞተ ቀን እንኳ።

«እነዚያም የሰው እናቶች ናቸው» አለችው ወንድሜን።

«እማዬ፣ ቤት ገብተን እናወራለን፣ ሰው እያየ ነው...»

«ይየኝ።»

እጇን ከእጁ መነጨቀች። ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች እንጃ፤ ግማሹ ማንኪያ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን አፏ ውስጥ ከተተችው። ወንድሜ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «ትፊው!» ብሎ ጮኸ። «እማዬ፣ ትፊው! ትፊው ስልሽ!» በሩ ክፍት ነበር፤ ጩኸቱ ከሰልፉ አልፎ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ደረሰ። ሴትዮዋ ማኅደሯን አንስታ ቆማለች። ደጅ ያሉት መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል፤ ወንድሜ ግን አንዳቸውንም አላያቸውም። እማዬ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ ሕፃን ልጅ የጎረሰውን እንደሚቀበሉት መዳፉን ከአገጯ ሥር ዘርግቶ፣ «በሞቴ፣ በሞቴ ትፊው» እያለ ያለቅሳል። እማዬ ዓይን ዓይኑን እያየች በአምስት ጥርሷ አላመጠች፣ አላመጠችና ዋጠችው።